ወኔ ሲዳፈን፦ ከሥራ መታከት በኋላ እንደገና የመነሳት ዝርዝር መመሪያ

አያቴ ማታ ማታ ምድጃዋን ሳታዳፍን አትተኛም ነበር። ፍሙን ሰብስባ አመድ ታለብሰዋለች። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርጋ ከሥር የቀረችውን ረመጥ ታገኝና ጭራሮ አስጠግታ፣ እፍ እፍ ብላ እሳቷን ታያይዛለች። ክብሪት የምትጭረው ከስንት አንዴ ነው። ቸኩሎ ግንድ የደረበ ልጅ ካየች ግን አትምርም፤ "ገደልከው!" ትላለች፣ እሳቱን ማለቷ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም እንዲሁ ተዳፍኜ ነበር። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ሰኔ 30 የዓመቱ ሒሳብ ተዘጋ፤ እኔም አብሬ የተዘጋሁ መሰለኝ። ሐምሌ ውስጥ አንድ ጠዋት ከባጃጅ ወርጄ ቢሮው ደጃፍ ስደርስ እግሬ አልገባ አለኝ። ማዶ ካለ ካፌ ቁጭ ብዬ፣ የቀዘቀዘ ማኪያቶ ይዤ፣ በሩን እያየሁ ግማሽ ሰዓት አሳለፍኩ። አልታመምኩም፣ ከማንም አልተጣላሁም። "ታከተኝ" ከማለት በቀር ስም አልነበረኝም።

ከዚያ የወጣሁበትን መንገድ በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። እኔ መጨረሻ የሚመጣውን መጀመሪያ አድርጌ፣ ማለትም "አዲስ ሰው እሆናለሁ" ብዬ እቅድ በእቅድ ላይ ደርቤ፣ ሁለት ወር አባክኛለሁ።

1. ድካም ነው፣ መታከት ነው፣ ወይስ ሕመም? ለዩት

ድካም ተኝተው ይነሱበታል። መታከት ግን አብሮ ተኝቶ አብሮ ይነሳል። ቅዳሜና እሑድን በደንብ አርፋችሁ ሰኞ ጠዋት የዓርብ ማታው ክብደት ደረታችሁ ላይ ከተቀመጠ፣ የእንቅልፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ፈረንጆቹ በርንአውት የሚሉት ይህንን ነው። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለዚህ ነገር ሲጽፍ፣ ያያቸው ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ በነፃ ሕክምና መስጫ ውስጥ ሌት ተቀን የሚለፉ፣ ሥራቸውን የሚወዱ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በአዲሱ የበሽታዎች ምደባው ውስጥ ሲያካትተው በሽታ አላለውም። በአግባቡ ካልተያዘ የቆየ የሥራ ጫና የሚመጣ ሁኔታ ብሎ ሦስት ምልክት ሰጠው፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅና ሁሉን ነገር በክፉ ማየት፣ "ምንም አልረባም" የሚል ስሜት።

እኔን ያስደነገጠኝ ሁለተኛው ነው። ደንበኛ ደረሰኝ ጠፍቶበት ሲጨነቅ ድሮ አብሬው እፈልግ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግን በልቤ "የራስህ ጉዳይ" እል ጀመር። ያ ሰው እኔ አልነበርኩም።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር አትዝለሉ፤ ተመርመሩ። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክና ስኳር ልክ እንደ መታከት ሰውን ያዝላሉ። ቀላል የደም ምርመራ ይለያቸዋል። ሥራ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ነገር፣ ምግቡም ልጁም በዓሉም፣ ጣዕም አጥቶ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከተዛባ፣ ደግሞም "ባልኖርስ?" የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ይህ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ይህን ጽሑፍ ትታችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የሞት ሐሳብ ካለ ዛሬውኑ፣ ብቻችሁን ሳትሆኑ ሂዱ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጠበል የምትጠመቁ ከሆነ ተጠመቁ፤ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡ። ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል።

2. አመዱን ግለጡ፤ ያቃጠላችሁን ነገር ፈልጉ

ብዙ ሰው "ሥራ በዛብኝ" ይላል፤ እኔም እንዲያ ብያለሁ። ስሕተት ነበር፤ ቢያንስ ግማሹ።

በ5 ብር ደብተር ዘመን ያደግን ሰዎች አንድ ጥሩ ልማድ ነበረን፣ መጻፍ። አንድ ደብተር ይዛችሁ ለሰባት ቀን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓትና ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ሁለት መስመር ጻፉ። አንዱ ምን እየሠራችሁ እንደነበር፣ ሌላው ሰውነታችሁ ምን እንዳለ። "ተናደድኩ" ብቻ አይበቃም፤ "ትከሻዬ ተወጠረ፣ ስልኩ ሲጮኽ ሆዴ ተላወሰ" ብላችሁ ጻፉ። ሰውነት እንደ አፍ አይዋሽም።

ሳምንቱ ሲያልቅ ደብተሩን በስድስት ጥያቄ አንብቡት። ጥያቄዎቹን የወሰድኩት ለዓመታት በዚህ ጉዳይ ላይ ከሠሩት ከክሪስቲና ማስላክና ከማይክል ሌይተር ሐሳብ ነው። ሥራው ከአቅም በላይ ነው? በራሴ ሥራ ላይ የመወሰን ሥልጣን አለኝ? ለልፋቴ የሚመለስልኝ አለ፣ ደመወዙም "ተባረክ"ም? ከባልደረቦቼ ጋር ሰላም ነን? አሠራሩ ፍትሐዊ ነው? ሥራው ከማምንበት ነገር ጋር ይጣላል?

የእኔ ደብተር ያወጣው ጉድ የሥራ ብዛት አልነበረም። ሰባቱንም ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የተጻፈው አንድ ዓይነት ነበር፦ አለቃዬ ደውሎ ቀን የጨረስኩትን ያፈርሰዋል። አሥር ሰዓት መሥራት አላቃጠለኝም፤ የሠራሁት ነገር ማታ በአንድ የስልክ ጥሪ መናዱ ነው ያቃጠለኝ። ይህን ሳላውቅ አንድ ወር ዕረፍት ብወጣ ኖሮ ተመልሼ እዚያው እሳት ውስጥ ነበር የምገባው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ዘመን ጎንደር የሚኖር ሰው ከሥራው ሌላም የሚሸከመው አለ፤ መንገድ ይከፈት ይዘጋ፣ ገጠር ያለ ዘመድ ደኅና ይሁን አይሁን፣ የኑሮ ውድነቱ። ደብተሩ ላይ ይህንን ለብቻው ጻፉት። የዘመኑን ሸክም ከሥራው ሸክም ጋር ከደባለቃችሁ፣ መለወጥ የምትችሉትን ትንሽ ነገር ትልቁ ይሸፍንባችኋል።

3. ዕረፍት ውጡ፤ ግን ዕረፍቱን ለማኅበራዊ ግዴታ አታስበሉት

የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆናችሁ መብታችሁን እወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የመጀመሪያውን ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ዓመት ፈቃድ አለው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ስለሚተዳደሩ የሰው ኃይል ክፍላቸውን ይጠይቁ። ፈቃድ ስትጠይቁ በቃል አትጠይቁ፤ ቀኑን ጠቅሳችሁ፣ ሥራውን ማን እንደሚይዘው ጽፋችሁ አስገቡ። "እናየዋለን" የሚባለው በቃል ለተጠየቀ ነው።

አሁን ወደ ጎንደሬው ችግር ልምጣ። የመጀመሪያውን የአሥር ቀን ፈቃዴን እንዴት እንዳሳለፍኩት ታውቃላችሁ? ሁለት ለቅሶ፣ አንድ ሠርግ፣ አንድ ማኅበር፣ የአክስቴ ቤት ቆርቆሮ፣ ከአዘዞ የሚመጣ እንግዳ መቀበል። "እረፍት ላይ ነኝ" ያለ ሰው ለሰፈሩ ሁሉ ሥራ ፈት ነው። ሥራ ስመለስ ከወጣሁበት ብሼ ነበር።

በሁለተኛው ዙር ዘዴ ተማርኩ። እናቴን ቁጭ አድርጌ "እማ፣ ደክሞኛል፤ እስከ ሁለት ሳምንት ሰው ሲጠራኝ አንቺ መልሺልኝ" አልኳት። እሷ "ልጄ አሞታል፣ ይተኛበት" ስትል ማንም አልተቀየመም፤ እኔ ብለው ኖሮ ኩራት ይባል ነበር። በቤታችሁ ቃሉ የሚከበር አንድ ሰው አግኙና በር ላይ አቁሙት። ለቅሶን ግን አትቅሩ። ደርሳችሁ፣ ፊታችሁን አሳይታችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ተቀምጣችሁ ውጡ። እድርተኛም ቢሆን የሚቆጥረው መምጣትን እንጂ ሰዓቱን አይደለም።

የመጀመሪያውን ሦስት አራት ቀን እንደ ልባችሁ ተኙ። ከዚያ በኋላ ግን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሱ። ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ቲክቶክ እያዩ መዋል ዕረፍት ይመስላል፤ ማታ ራስ ምታቱ ይመሰክርበታል። የመሥሪያ ቤቱን የቴሌግራም ግሩፕ ድምፁን ዝጉ።

ስለ ጫትም አንድ ነገር ልበል። ምርቃናው የጠፋውን ወኔ የመለሰ ይመስላል። እውነቱ የነገን ብድር ዛሬ መብላት ነው፤ እንቅልፉን ይወስድና ማግስቱን በባሰ ድብርት ያስከፍላል። አረቄውም እንዲሁ።

4. ሰውነትን አስቀድሙ

እንቅልፍ ካልተስተካከለ የቀረው ሁሉ ወሬ ነው። ችግሩ እኛ ቡናን ከሰዓት በኋላ እናፈላለን። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ 11 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት አቦል ከምሽቱ 4 ሰዓትም አብሯችሁ ነው። ጎረቤት ቡና ሲጠራችሁ እምቢ ማለት ነውር ነውና እኔ ያገኘሁት መላ ይህ ነው፦ በአቦሉ ሰዓት ፈንዲሻውን እየበላሁ እጫወታለሁ፣ ቶናውንም አሳልፋለሁ፣ ስትመረቅ ለመገኘት ብዬ በረካዋን እጠጣለሁ። ቀጭን ናት፣ በረከትም አላት።

ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ፣ ሌሊት ተነስቶ ጀሪካን መሙላት የአንድ ሰው ዕጣ አይሁን። ከቤተሰብ ጋር ተራ ግቡ። የተሰበረ እንቅልፍ ምን ያህል እንደሚጎዳ እኔ የገባኝ ተራው ለወንድሜ በደረሰበት ሳምንት ነው።

ከዚያ ተራመዱ። ጠዋት፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ያለ ስልክ። ከፋሲል ግቢ እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። የጥምቀተ ባሕሩን ግንብ በሥሮቻቸው አቅፈው የያዙትን ዛፎች ስንት ጊዜ አልፋችኋቸዋል? እኔ ሠላሳ ዓመት ጎንደር ኖሬ ቆሜ ያየኋቸው በዚያ ክረምት ነው። ትንሽ ስትጠነክሩ ወደ ቁስቋም፣ ቀጥሎ ወደ ጎሐ ዳገት ውጡ። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ዳገቷ ለጤነኛም ያስተነፍሳልና በመጀመሪያው ሳምንት ዳገት አትሞክሩ። በጾም ወቅት የምትጾሙ ቀለል ያለውን መንገድ ምረጡ።

አንድ ቀን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቼ ጣሪያው ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች ቀና ብዬ ሳይ አንገቴ አመመኝ። ለካ ወራት ሙሉ ወደ ኮምፒውተርና ወደ ስልክ ብቻ ነበር የማቀረቅረው።

5. ጭራሮ አስጠጉ፤ እጅ ይቅደም፣ ፍላጎት ይከተላል

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህንን ውሰዱ። የታከተ ሰው "ፍላጎቴ ሲመለስ እሠራለሁ" ብሎ ይቀመጣል፤ የሚመለሰው ግን ከሠሩ በኋላ ነው። ባለሙያዎች ድባቴን ሲያክሙ ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ በዚህ ላይ የቆመ ነው፦ ስሜት እስኪመጣ ሳይጠብቁ፣ ትንንሽ ሥራዎችን ቀን ቆርጦ መሥራትና ስሜቱ ሲከተል መመዝገብ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ደብተሩ ላይ ሁለት ረድፍ አስምሩ። በአንዱ ድሮ ደስ ይሏችሁ የነበሩ ነገሮችን ጻፉ፤ በሌላው ሲያልቁ "እፎይ" የሚያሰኙ ትንንሽ ሥራዎችን። ከየረድፉ አንድ አንድ መርጣችሁ ለነገ ሰዓት ስጧቸው። እያንዳንዱ ከአሥር ደቂቃ አይብለጥ። ስትጨርሱ ከ10 ስንት ደስታ እንደሰጣችሁ ቁጥር ጻፉ።

ሥራው ምን ያህል ትንሽ ይሁን? ከምታስቡት በታች። የእኔ የመጀመሪያ ቀን "ጫማዬን መጥረግ" ነበር፤ ከ10 ሁለት ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን የሚንቀጠቀጠውን ዱካ ሚስማር መታሁ፤ አራት። ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ምንም ሳልገዛ ቅመም ተራውን ዞሬ ተመለስኩ፤ ስድስት! የኮረሪማው ሽታ ይሁን ግርግሩ አላውቅም። በሁለተኛው ሳምንት የእህቴን ልጅ ሒሳብ ማስጠናት ጀመርኩ። ክፍልፋይ ሲገባው የበራው ዓይኑ፣ ቁጥር እወድ እንደነበር አስታወሰኝ። ረመጧ እዚያ ነበረች።

በዚህ ደረጃ የሚመጣ ፈተና አለ። ሦስት ጥሩ ቀን ታገኙና "ተሻለኝ!" ብላችሁ ግንድ ትጭናላችሁ፤ ማስተርስ መመዝገብ፣ ዶሮ እርባታ መጀመር፣ ጠዋት 11 ሰዓት መሮጥ። አያቴ ብታያችሁ የምትለውን ታውቁታላችሁ። ቢያንስ ለአራት ሳምንት አዲስ ትልቅ ነገር አትጀምሩ።

6. ወደ ሥራ ስትመለሱ

ሰኞ አትመለሱ። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ግቡ፤ ሁለት ሦስት ቀን ሠርታችሁ ዳግም ታርፋላችሁ፣ የመጀመሪያው ሳምንትም አያስፈራም። ትንሽ ብልሃት ናት፣ ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ ሠርታለች።

ከአለቃ ጋር ተነጋገሩ። "ታከተኝ" አትበሉ፤ በብዙ መሥሪያ ቤት ይህ ቃል "ሰነፍኩ" ተብሎ ይተረጎማል። ደብተራችሁን ይዛችሁ ስለ ሥራው አውሩ። እኔ ያልኩት ይህንን ነበር፦ "ጋሼ፣ ሥራዬን ጠልቼ አይደለም፣ በደንብ እንድሠራ ፈልጌ ነው። ማታ በስልክ የምንለዋወጠው ነገር ሥራውን ሁለት ጊዜ እያሠራኝ ነው፤ የአንድ ሳምንቱን ጽፌዋለሁ፣ ይዩልኝ። ማስተካከያ ካለ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አሥር ደቂቃ ቢሰጡኝ በዚያው እንጨርሰዋለን።" አንድ ችግር፣ አንድ ማስረጃ፣ አንድ መፍትሔ። ሦስት ቅሬታ ይዛችሁ ብትገቡ አንዱም አይሰማም።

ሰውየው መጀመሪያ ወረቀቱን አገላብጦ ሳቀ። በሳምንቱ ግን 10 ሰዓት ላይ ራሱ ጠራኝ። ሁሉም አለቃ እንዲህ አይሆንም። እምቢ ካለ፣ ከወር በኋላ ደግማችሁ ጠይቁ፤ ያም ካልሆነ ሌላ ሥራ እየፈለጋችሁ ቆዩ። በታከተ ልብ መልቀቂያ አትጻፉ፤ ታክቶ የተጻፈ መልቀቂያ ብዙ ጊዜ የሚሸሸው ከሥራው አይደለም፣ ከድካሙ ነው። ስትወስኑ ደግሞ አዋጁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠይቃልና ያንን ጠብቁ፤ ጎንደር ትንሽ ከተማ ናት፣ ነገ ሌላ ቢሮ ትገናኛላችሁ።

7. አንድ ሰው ይወቅ

ለሁሉም አትናገሩ፤ ለአንድ ሰው ግን ተናገሩ። የንስሐ አባት ይሁኑ፣ ሼህ፣ የልብ ጓደኛ፣ የእድር ጎረቤት። መለኪያው አንድ ነው፤ ከመምከሩ በፊት የሚሰማ ሰው ይሁን። "ከአንተ የባሰም አለ" የሚል ሰው ሐሰት አልተናገረም፤ ለዚህ ሰሞን ግን አይሆናችሁም።

8. መታከቱ እንደሚመለስ አስቡ

ለእኔ ከሐምሌ እስከ ጥምቀት ሰሞን ፈጅቷል። በየመሐሉ ወደ ኋላ የተንሸራተትኩበት ሳምንት ነበር፤ በተለይ ጥቅምት፣ የዓመቱ የግብር ማሳወቂያ የሚያልቅበት ወር። ሥራችሁ የሚያቃጥልበትን ወቅት ታውቁታላችሁና ከዚያ በፊት ያለውን ሳምንት ቀለል አድርጉት፤ የሚቀር ማኅበር ካለ ያኔ ይቅር።

የራሳችሁን ምልክት ደግሞ ጻፉና የምታዩት ቦታ ለጥፉት። የእኔ ሦስት ናቸው፦ ያልተከፈተ መልእክት ከሃያ ሲያልፍ፣ ሻይ አፍልቼ ሳልጠጣ ሲቀዘቅዝ፣ የእህቴ ልጅ ደብተር ይዞ ሲመጣ "ነገ" ስለው። ሁለቱ በአንድ ሳምንት ከተገናኙ ሌላ ማስረጃ አልጠብቅም፤ የዚያን ቅዳሜ ስልኬን ለእናቴ ሰጥቼ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ እሄዳለሁ፣ ማታ ደብተሩን አወጣለሁ፣ በማግስቱም ጫማዬን ከመጥረግ እጀምራለሁ።